የላሊበላ መስኮት፣ የእማማ ሐብልና የእኔ ጥፋት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ከ20 ዓመት በላይ በጣና ላይ እንግዳ ጭኜ ዘጌ፣ ክብራን፣ ናርጋ ስመላለስ የኖርኩ አስጎብኚ ነኝ። አሁን ሥራው ቀዝቅዟል። ጀልባዋ ደንገሉ ሥር ታስራ ትውላለች። እኔም ጊዜ ስለተረፈኝ ጋዜጣችሁን ከፊት ገጹ እስከ ሐዘን መግለጫው አነባለሁ።

ሰሞኑን አንድ አንባቢያችሁ ስለ ላሊበላ ጽፈው ነበር። ቤተ ማርያም መስኮት ላይ የተፈለፈለው ክንዱ የታጠፈ መስቀል የናዚ ምልክት ስለሚመስል እንግዳ እንዳያየው በመጋረጃ ይሸፈን ይላሉ። በሳምንቱ ሌላ አንባቢ መለሱላቸው። እሳቸው ደግሞ ምልክቱ የእኛ ነው፣ ህንዶች የወሰዱት ከእኛ ነው፣ እንዲያውም ድንጋይ መፈልፈልንም ያስተማርናቸው እኛ ነን አሉ። አንዱ ይሸፈን፣ አንዱ ተሰረቅን። ሁለቱም ተሳስተዋል ብል ደፈረን እንዳይሉኝ፤ እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ለዚያውም በገዛ ጀልባዬ ላይ፣ ሰው ፊት።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ እንግዳ እንደ ልብ በነበረበት ጊዜ። እዚህ ከተማ የሚያስተምር አንድ ህንዳዊ መምህር እናቱ ሊጠይቁት መጥተው ዘጌን ሊያሳያቸው ይዟቸው መጣ። ከሌሎች እንግዶች ጋር አንድ ላይ ጫንኳቸው። እናትየው ሰባ ሳይሞላቸው አይቀርም። ሳሪ ለብሰዋል፣ አንገታቸው ላይ ቀጭን የወርቅ ሐብል አለ፣ ሐብሉ ላይ ያ ክንዱ የታጠፈ መስቀል ተንጠልጥሏል። እኔ ልብ አላልኩም። ልብ ያለው ከአዲስ አበባ የመጣ ጎረምሳ ነው። "እንዴ! ይሄ የሂትለር አይደል?" ብሎ ስልኩን አወጣና መቅረጽ ጀመረ። ከኋላ የተቀመጡ ፈረንጆች ዞር ብለው አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ፣ አንደኛዋ ሴት እንባ ተናነቃት። ጀልባ ደግሞ እንደ ታክሲ አይደለም፤ ተኳርፎ "ወራጅ አለ" አይባልም፣ ከታች ያለው ጉማሬ ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? ወደ መምህሩ ጠጋ ብዬ "ወንድሜ፣ እናትህ ይቺን ነገር ቢሸፍኗት" አልኩት። አልመለሰልኝም። በቋንቋቸው ነገራቸው። እሳቸውም አንዴ እኔን አዩኝና በሳሪያቸው ጫፍ ሸፈኑት። ከዚያ በኋላ ዘጌ እስክንደርስ ከሞተሩ በቀር የተናገረ የለም። ጎረምሳው ራሱ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ዘጌ ወርደን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደረስን። እኔ ሁልጊዜ የምለውን ማለት ጀመርኩ። ጉልላቱ ላይ የተሰኩት የሰጎን እንቁላሎች ናቸው፣ ሰጎን እንቁላሏን ዓይኗን ሳትነቅል እንደምትጠብቅ እግዚአብሔርም ሕዝቡን እንዲሁ ይጠብቃል አልኩ። መምህሩ ተረጎመላቸው። እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "እኛም እንቁላል አለን" አሉ። በእነሱ ጥንታዊ መጻሕፍት ዓለም ከመፈጠሩ በፊት በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አንድ የወርቅ እንቁላል ነበረ፤ ፈጣሪ የሚሉት ብራህማ ከዚያ ወጣ፣ ቅርፊቱም ለሁለት ተከፍሎ ሰማይና ምድር ሆነ ይባላል። እንግዲህ የእኛ እንቁላል ስለ መጠበቅ ነው፣ የእነሱ ስለ መፈጠር። አንድ አይደሉም። ግን ሁለት እንግዳ የሆንን ሰዎች አንድ ጣራ እያየን የምናወራው ነገር አገኘን። ያን ቀን ያተረፈኝ እንቁላል ነው።

ስንመለስ መምህሩ ስልኩን ከፍቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። "ይሄን የት አየኸው?" አለኝ። ቀይ ድንጋይ፣ መስኮት፣ መሃሉ ላይ የእናቱ ሐብል። ቤተ ማርያም ነው። እኔ እዚያ መስኮት ሥር ስንቴ ቆሜ "ይሄ የመስቀል ዓይነት ነው" ብዬ አልፌያለሁ! በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሳየው መስቀል፣ በአንዲት አሮጊት አንገት ላይ ሳየው ናዚ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ፤ ግን ያለሁት ውሃ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ መምህሩ ወዳጄ ሆነ። ቡና እየጠጣን ብዙ አስረዳኝ፣ እኔም ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የምልክቱ ስም ስዋስቲካ ነው፣ የጥንቱ የህንድ ቋንቋ የሳንስክሪት ቃል። "ሱ" ማለት መልካም፣ "አስቲ" ማለት ነው ወይም ይኖራል። በአንድ ላይ "ደህና ይሁን" እንደ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ይሄን ደብዳቤ ስጀምር "ጤና ይስጥልኝ" ብያለሁ። የእማማ ሐብልም የሚለው ይህንኑ ነው። የህንድ ነጋዴ በዲዋሊ በዓል አዲስ የሒሳብ መዝገብ ሲከፍት መጀመሪያ ገጽ ላይ ይስለዋል። ሙሽራ የሚገባበት ደጃፍ ላይ በቀይ ቀለም ይሣላል። ጃይኖች የሚባሉት የሌላ የህንድ ሃይማኖት ተከታዮች ደግሞ አራቱን ክንዶች ነፍስ ዳግም የምትወለድባቸው አራት ዓይነት ሕይወቶች ናቸው ይላሉ፤ ከአማልክት፣ ከሰው፣ ከእንስሳና ዕፅዋት፣ ከሲኦል። ጃፓን ውስጥ ካርታ ላይ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ያለበትን ቦታ የሚያመለክቱት በዚሁ ምልክት ነው። ዕድሜውስ? ሞሄንጆ ዳሮና ሃራፓ በሚባሉት፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባሉት የኢንዱስ ሸለቆ ከተሞች በተገኙ ትንንሽ የድንጋይ ማኅተሞች ላይ አለ። ከ4,000 ዓመት በላይ ነው። ማኅተሞቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን እስካሁን ያነበበው የለም፣ ስለዚህ ያኔ ምን ይሉት እንደነበር ማንም አያውቅም።

ናዚዎችስ? እነሱ የፓርቲያቸው ምልክት ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። በ1870ዎቹ ሽሊማን የተባለው ጀርመናዊ የጥንቷን ከተማ ትሮይን ሲቆፍር በሸክላ ላይ አግኝቶት አውሮፓ ውስጥ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር፣ ከዚያ ዘረኞቹ "የአባቶቻችን የአርያኖች ምልክት" ብለው ተቀራመቱት። ላሊበላ የተፈለፈለው በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። ሂትለር ከመወለዱ በፊት ስንት መቶ ዓመት እንደሆነ ቁጠሩት።

ይሄን ስል ያቺ ያለቀሰችው ፈረንጅ ተሳስታለች እያልኩ አይደለም። ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ያለቁት በዚያ ባንዲራ ሥር ነው። ያንን ምልክት አይቶ ደሙ የሚቀዘቅዝ ሰው ምክንያት አለው፣ ሊከበርለት ይገባል። ግን መልሱ የአሮጊቷን አንገት መሸፈን አልነበረም። መልሱ ሁለት ደቂቃ ሞተሩን አጥፍቼ ማስረዳት ነበር። ለዚያ ነው ሰው የሚከፍለኝ። እና ለመጀመሪያው ጸሐፊ፣ ጌታዬ፣ መስኮቱን ተዉት። አስጎብኚው አፉን ይክፈት እንጂ መስኮቱ አይዘጋ።

አሁን ወደ "ተሰረቅን" ባዩ ልምጣ። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በህንድ አገር በኤሎራ የሚገኘው የካይላሳ ቤተ መቅደስ የተፈለፈለው በ8ኛው ክፍለ ዘመን በራሽትራኩታው ንጉሥ በቀዳማዊ ክሪሽና ዘመን ነው ይባላል። ከላሊበላ በአራት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። እሱም እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች ነው የተጠረበው፣ ከአንድ አለት። ግድግዳው ላይ አሥር ራስ ያለው የአጋንንት ንጉሥ ራቫና የካይላስን ተራራ ከሥሩ ነቅሎ ሲያናውጥ ተቀርጿል። ተራራው ላይ አምላካቸው ሺቫ ከሚስቱ ከፓርቫቲ ጋር ተቀምጧል፤ እሷ ደንግጣለች፣ እሱ ግን ምንም ሳይመስለው በእግሩ ጣት ተራራውን ጫን አድርጎ ራቫናን ከሥር ቀረቀረው። ትዕቢተኛን በእግር ጣት! እኔ በጣም ነው የወደድኩት። ታዲያ ኤሎራ ስለቀደመ ላሊበላን ህንዶች ሠሩት ማለት ነው? አይደለም፣ ያም ሌላ ተረት ነው። እኛ ትግራይ ውስጥ ከላሊበላ የሚቀድሙ የአለት አብያተ ክርስቲያናት አሉን። አለት ያለው ሕዝብ አለት ይጠርባል።

ደግሞ ለዚህ ሰውዬ አንድ የምሥራች አለኝ። ከኤሎራ አጠገብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ኩልዳባድ በምትባል ከተማ አንድ የእኛ ሰው ተቀብሯል። ማሊክ አምባር ይባላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እዚህ አገራችን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፣ በስንት እጅ አልፎ ህንድ ገባ። በመጨረሻ የአህመድናጋርን መንግሥት የሚያሽከረክር እንደራሴ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1610 የመሠረታት ከተማ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችው ናት። የሞጉሉ ንጉሥ ጃሃንጊር በጦር ሜዳ አልሆንልህ ቢለው፣ የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቶ ራሱን አጽናና። ይሄ እውነተኛ ኩራት አይበቃም? የሰው ቤተ መቅደስ የኛ ነው ማለት ለምን ያስፈልጋል?

ደግሞም መውሰድና መስጠት ድሮም ነበረ፣ ነውርም አልነበረም። አዱሊስ ወደብ የህንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይራገፍ እንደነበር በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የግሪክ መርከበኛ ማስታወሻ ይናገራል። ሶኮትራ ደሴት ላይ ባለው የሆቅ ዋሻ ውስጥ የህንድ ነጋዴዎች በብራህሚ ፊደል ስማቸውን ጽፈዋል፤ የአክሱም ሰዎችም እዚያው በራሳቸው ፊደል ጽፈዋል። እዚያ ጨለማ ውስጥ ኩራዝ ተበዳድረው ይሆን? እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ደብረ ዳሞ ገዳም ከመቶ በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲም ተገኘ። ከሰሜን ህንድና ከአፍጋኒስታን አካባቢ የመጡ ናቸው። ከነዚያ ነገሥታት አንዱ በሆነው በቪማ ካድፊሴስ ወርቅ ጀርባ ላይ ሺቫ ከበሬው ጋር ቆሟል። እንግዲህ ሴት በማትወጣበት፣ በገመድ ብቻ በሚወጣ ተራራ ላይ ሺቫ ስንት ዘመን ተቀብሮ ከርሟል። መነኮሳቱ አላወቁትም፣ እሱም አልረበሻቸውም።

ሩቅ ምን ወሰደኝ? እዚሁ ጣና ማዶ ጎርጎራ የኢየሱሳውያኑ፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ ፍርስራሽ አለ። እነሱ የመጡት ከጎዋ፣ ከህንድ ነው። በ1648 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው የየመን መልእክተኛ የፋሲልን ግንብ አይቶ ተደንቆ፣ የሠራው ህንዳዊ ነው ብሎ ጽፏል። የኛ አናጢና የኛ ድንጋይ ጠራቢ የለበትም አላለም። ጎንደሬዎች በዚህ ቢቀየሙኝ ለማስታረቅ ዝግጁ ነኝ።

ትልቁን ልንገራችሁ። በራልምና ይዋሴፍ የሚባለውን የግእዝ መጽሐፍ አባቶች ያውቁታል። አንድ ንጉሥ ልጁ ሐዘን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ይዘጋበታል። ልጁ አንድ ቀን ወጥቶ ሕመምን፣ እርጅናን፣ ሞትን ያያል፤ ከዚያ አንድ መናኝ መጥቶ ያስተምረዋል፣ ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። ይሄ ታሪክ የማን ነው? የሲዳርታ ነው፣ የቡድሃ። ቦዲሳትቫ የሚለው ማዕረግ በዓረብኛ ቡዳሳፍ፣ ከዚያ ዩዳሳፍ፣ በኛ ዘንድ ይዋሴፍ ሆነ። በመንገድ ላይ ክርስትና ተነሣ። ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ናቸው፣ በ1553 እ.ኤ.አ.፣ ለዐፄ ገላውዴዎስ። እሳቸው ራሳቸው ከየመን የመጡ ሰው ናቸው። ታሪኩን ጠልተው አልጣሉትም፣ የኛ ነውም ብለው አልተጣሉም። ተረጎሙት። አለቀ። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፣ ማንንም ጣዖት አምልኩ እያልኩ አይደለም። ግን ዕንባቆም ያልፈሩትን እኔ ምን ቤት ነኝ?

አንድ ነገር ይቅር በሉኝና ላስረዝም። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፣ ቅኔ ቤት ጥቂት ተቀምጬ ያቋረጥኩ። መምህሩ አያቱ ቬዳ የሚሉትን ጥንታዊ ቅዱስ ቃላቸውን የሚያነበንቡ እንደነበሩ ነገረኝ። ሪግ ቬዳ ብቻውን ከ1,000 በላይ መዝሙር አለው፣ ያለ መጽሐፍ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚወርሰው። እንዳይሳሳቱ ቃላቱን በየዓይነቱ እያገለባበጡ ይይዟቸዋል፦ አንድ ሁለት፣ ሁለት አንድ፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ሦስት ሁለት አንድ፣ እንደገና አንድ ሁለት ሦስት። እንዲህ እያሉ መላውን። አንድ ቃል ብትወድቅ ወዲያው ትታወቃለች። እኔ ይሄን ስሰማ ዋሸራና ጎንጅ ያሉት፣ ደበሎ ለብሰው ሌሊት ሲቀጽሉ የሚያድሩት ልጆች ናቸው ዓይኔ ላይ የመጡት። ዩኔስኮ የቬዳውን ዜማ በ2008 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ከዚያ ደግሞ ስለ ግጥማቸው ጠየቅሁት። ሳንስክሪት ውስጥ ሽሌሻ የሚባል አለ። ቃሉ መተቃቀፍ ማለት ነው። አንድ ቃል ወይም አንድ ስንኝ ሁለት ትርጉም አቅፎ ይሄዳል። ከቦታው ትንሽ ቀየር አድርገህ ብትቆርጠው ሌላ ነገር ይላል። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ! ይሄ እኮ ኅብር ነው! ሰምና ወርቅ አንድ ቃል ላይ ሲገናኙ ኅብረ ቃል የምንለው። ስማቸው ራሱ ይመሳሰላል፤ እነሱ መተቃቀፍ፣ እኛ ኅብር። ህንዶች ደግሞ አብዝተውት በ12ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ባለቅኔ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ፣ በአንድ በኩል ስታነበው የራማ ታሪክ፣ በሌላ በኩል የፓንዳቫ ወንድማማቾች ታሪክ፣ ሁለቱ ታላላቅ ተረቶቻቸው በአንድ ስንኝ። ከማን ተማሩት? ከማንም። እኛስ? ከማንም። ቃል የሚወድ ሰው ቃልን ሲያገላብጥ ሥሩ ሌላ ቃል ያገኛል። የቅኔ መምህራን እዚህ አሉ፣ ሳንስክሪት የሚያውቅ ህንዳዊም አይጠፋም፣ አንድ ላይ አስቀምጧቸውና የሚሉትን አትሙልን። ጋዜጣው ከ"ተሰረቅን" ደብዳቤ ይልቅ በዚያ ይሸጣል።

ስለ እማማ ልጨርስ። ያን ቀን ወደ ከተማ ስንጠጋ ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን አፍ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ውሃ በእፍኛቸው ዘገኑና መልሰው አፈሰሱት፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። የጀልባው ረዳት ልጅ የጠማቸው መስሎት ሃይላንድ ሊሰጣቸው ሮጠ። ሳቁ። ከዚያ ስለ ቅዱሱ ወንዛቸው ስለ ጋንጋ ነገሩኝ። የንጉሥ ሳጋራ 60,000 ልጆች በአንድ ጠቢብ ቁጣ ተቃጥለው አመድ ሆኑ። ነፍሳቸው እንድታርፍ የዘር ልጃቸው ባጊራታ ረጅም ዘመን ጸለየ፣ ጋንጋ ከሰማይ እንድትወርድ። ወርዳ ምድርን እንዳትሰነጥቅ ሺቫ በጎፈሬው ተቀበላት፣ ከዚያ በቀስታ ለቀቃት። እኔም በተራዬ ስለ ግሽ ዓባይ፣ ስለ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ነገርኳቸው፤ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው ሳይርሱ እንደተመለሱላቸው። "ውሃ አደራ ያውቃል" አሉ በልጃቸው አፍ። ሲወርዱ ሐብላቸውን ከሳሪያቸው ሥር አወጡት። እኔ ይቅርታ አልጠየቅሁም። አፍሬ ነው። ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ ልጃቸውም ኮንትራቱ አልቆ ሄደ። በዚህ ጋዜጣ ይቅርታ ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ፣ አማርኛ እንደማያነቡ ባውቅም። እዚህ ያሉ የልጃቸው ተማሪዎች አይተው ያደርሱልኝ ይሆናል።

ደብዳቤው ረዝሞባችሁ እንደሆነ ጎንደርንም፣ ደብረ ዳሞንም ቁረጡት፣ ግድ የለኝም። ይቅርታውንና የቅኔውን ግን አትንኩብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጣና ጀልባ አስጎብኚ
ባሕር ዳር